በሁለት እጅ የሚዘጋ መስኮት

ልጄን በቅጡ ከማየቴ በፊት ክፍሏን ሰማሁት።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነበር። ገና ሠላሳ አንደኛ ሳምንቴ ላይ ሳለሁ ምጥ ያዘኝና ከመሐል ሜዳ በአምቡላንስ ተነሣን። ሞላሌን አልፈን ወደ ጣርማበር ስንቃረብ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሾፌሩ ሳይረኑን አንድ ጊዜም አላጠፋውም። ሆስፒታል በደረስን በሦስት ሰዓት ውስጥ ወለድኩ። 1,400 ግራም ትመዝን ነበር። አዋላጇ ለአፍታ አሳየችኝና በጨርቅ ጠቅልላ ይዛት ሮጠች። በማግስቱ ግድግዳ እየተደገፍኩ እስከ ማሞቂያ ክፍሉ በር ስደርስ፣ በሩ ገና ሳይከፈት ጩኸቱ ተቀበለኝ። የማሽኖች ጢጥታ፣ የብረት ክዳን፣ የሚጎተት የኦክስጅን ሲሊንደር፣ የሰው ጥሪ፣ የስልክ ደወል። ለቅሶ ግን አልነበረም። ያን ያህል ሕፃን ባለበት ክፍል ለቅሶ አለመኖሩ ያስፈራ ነበር። ቀናቸው ያልደረሰ ሕፃናት ጮክ ብለው የማልቀስ አቅም እንደሌላቸው ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

እናቴ ባናዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። «የሰባት ወር ናት፣ ታድጋለች» አለችኝ። በአገራችን የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም ይባላል። ልክ አይደለም፤ ልጅ በማሕፀን የሚጨምረው እያንዳንዱ ሳምንት ጉልበቱ ነው። የዚያን ዕለት ግን ያንን አባባል እንደ መድኃኒት ዋጥኩት።

አስተማሪ ነኝ። ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲኖር ጫጫታ እንዴት እንደሚወለድና እንዴት እንደሚያድግ በሥራዬ አውቀዋለሁ። ሁለት ልጆች ያወራሉ፤ ሌሎቹ ለመደማመጥ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ደግሞ እነሱን ለመብለጥ ይጮኻሉ። መምህሩም ከሁሉም በላይ ከጮኸ የቀረው ሰዓት አለቀለት። ይህን ነገር ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 ጽፎበት በስሙ ይጠራል፤ ሰው በጫጫታ መካከል ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በማሞቂያ ክፍሉ ያየሁት ይህንኑ ነበር። ማሽኑ ይጮኻል፤ ነርሷ በማሽኑ ላይ ትጣራለች፤ ጽዳት ሠራተኛዋ በነርሷ ላይ ትመልሳለች። ማንም ክፉ አልነበረም። ሁሉም ሥራውን እየሠራ ነበር፤ በመካከሉ ግን እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች ተኝተው ነበር።

የመጀመሪያውን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ ዐይኗን ጨፍና ስትቆይ ጊዜ ጨነቀኝና የተኛችበትን የማሞቂያ ሣጥን፣ የኢንኩቤተሩን ግድግዳ በጣቴ ቆረቆርኩት። በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ በቀስታ። ሁለቱም እጆቿ ወደ ላይ ተበተኑ፤ ጣቶቿ ተዘረጉ፤ ፊቷ ጠቆር አለ። ማሳያው ላይ 94 የነበረው የደሟ ኦክስጅን ቁጥር ወርዶ ወርዶ 81 ደረሰ፤ ማሽኑም መጮኽ ጀመረ። ተረኛዋ ሲስተር መጣች። አልተቆጣችም። ክቧን የእጅ ማስገቢያ መስኮት ከፈተች፣ መዳፏን በልጄ ጭንቅላትና እግር ላይ ሳትጫን አሳረፈች፣ ቁጥሩ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ መስኮቷን በአንድ እጇ እያስጠጋች፣ በሌላው እጇ አውራ ጣት መቆለፊያውን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዘጋቻት።

«እናት፣ አንቺ በውጭ በኩል የምትሰሚው ኮሽታ ነው» አለችኝ። «እሷ የምትሰማው ግን ሌላ ነው። ከበሮ ውስጥ እንደተኛች አስቢያት።»

ይህ ንግግሯ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከዚያ በኋላ የማገኘውን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ በስልክ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ። እውነቷን ነበር። የኢንኩቤተር ክብ መስኮት ተገፍቶ ሲዘጋ ወይም ክዳኑ ላይ ጠርሙስ ሲቀመጥ በውስጥ በኩል የሚፈጠረው ድምፅ ከ80 ዴሲቤል እንደሚያልፍ በተደጋጋሚ ተለክቷል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ 60 ገደማ ነው። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ኪሎና እንደ ሜትር የሚደመር ቁጥር አይደለም፤ አሥር በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 80 ከ60 በሃያ የሚበልጥ ሳይሆን መቶ እጥፍ ኃይል ያለው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው መግለጫ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ከ45 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ አሳሳቢ ነው ብሏል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ይህ ቁጥር ሳይሆን ቀጥሎ ያነበብኩት ነው። የኢንኩቤተር ዓለም አቀፍ መስፈርት ማሽኑ በመደበኛ ሥራው ላይ ሳለ በሕፃኑ በኩል እስከ 60 ዴሲቤል እንዲያሰማ ይፈቅዳል። ሕይወቷን የሚያቆየው ሞተር ራሱ፣ ማንም ምንም ሳይናገር፣ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የእኛ እጅ የሚጨምረው እያንዳንዱ ኳኳታ በባዶ ክፍል ላይ ሳይሆን በሞላ ክፍል ላይ ነው የሚወድቀው።

ሕፃን በማሕፀን ሳለ ከሃያ አራተኛው ወይም ከሃያ አምስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ጆሮው ሥራ ይጀምራል። የሚሰማው ግን በውኃና በሥጋ ተጣርቶ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ይቀርለትና ወፍራሙ ይደርሰዋል፤ የእናቱ ልብ ምት፣ የደሟ ጉዞ፣ የሆዷ ጉርምርምታ፣ ከሁሉም በላይ ንግግሯ። በሠላሳ አንድ ሳምንቷ የወጣች ልጅ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀርባትና በምትኩ ማጣሪያ የሌለው የብረት ዓለም ይቀበላታል። እንዲህ ያሉ ሕፃናት ሲደነግጡ የልብ ምታቸው ይዘበራረቃል፤ ትንፋሻቸው ለአፍታ ይቆማል፤ ኦክስጅናቸው ይወርዳል። እንቅልፋቸውም ይቆራረጣል፤ አንጎል የሚያድገው በዚያ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ ሳለ። እንደ ብዙዎቹ የክፍሉ ልጆች ልጄም አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉ አንቲባዮቲኮች ይሰጧት ነበር። ጄንታማይሲን ብዙ ጨቅላዎችን ከሞት ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ሊጎዳ ይችላል። ጩኸትም የሚጎዳው እነዚያኑ ሕዋሳት ነው። መድኃኒቱን ማስቀረት አይቻልም። ጩኸቱን መቀነስ ግን ይቻላል።

እዚህ ላይ ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ አለ፤ አንባቢም ሳይጠይቀኝ አይቀርም። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። የሚገድላቸው የመተንፈስ ችግር፣ መታፈን፣ ኢንፌክሽንና ብርድ ነው። ኦክስጅን በሚያጥርበት፣ አንድ ነርስ ለብዙ ሕፃናት በምትቆምበት አገር ስለ ክዳን ኳኳታ ማውራት ቅንጦት አይደለምን? አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴም ከዋጋው ይነሣል። ሌላው ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከውጭ ይመጣል፤ ጨረታ ይጠብቃል። በእግር የሚከፈት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ክዳን ከንፈር ላይ ቁራጭ ጨርቅ መስፋት ግን ምንም አይጠብቅም። ሲሊንደሩን መሬት ለመሬት ከማንከባለል በጋሪ መግፋትም እንዲሁ። በኦክስጅን ቱቦ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚንቦጫረቀውን ውኃ ማራገፍም፣ የስልክን ደወል ማጥፋትም፣ ተረኞች ርክክባቸውን ከኢንኩቤተሩ ራስጌ ራቅ ብለው ማድረጋቸውም እንዲሁ። ደግሞም ኦክስጅን ባጠረበት ክፍል፣ በአንድ ኳኳታ ከ94 ወደ 81 የምትወርድ ልጅ ያንኑ ያጠረውን ኦክስጅን ነው የምታባክነው።

ከሁሉም ከሁሉም የሚገርመኝ ይህ ዕውቀት ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ነው። እናቴ እኔን የወለደችው በጓሳ ሣር በተከደነ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ስወለድ ደጅ የቆሙት ሴቶች እልል ብለዋል። እልልታው ካበቃ በኋላ ግን፣ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ሙቀጫው ወደ ጎረቤት ተወሰደ። ውሻው ከበሩ ራቅ ብሎ ታሰረ። ከመንገድ የመጣ እንግዳ ውጭ ጥቂት ተቀምጦ፣ ላቡ ደርቆ፣ ትንፋሹ ረግቶ ነበር የሚገባው፤ ገብቶም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ብርሃኑም ደብዘዝ ይል ነበር። አራስ ቤት ማለት ይህ ነው። ሙሉ ጊዜውን ለጨረሰ፣ ጡት መሳብ ለሚችል ልጅ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ፣ 1,400 ግራም ለምትመዝን ልጅ የሆስፒታሉን በር ሲያልፍ ጥንቃቄውን ለምን ደጅ ያስቀምጠዋል? በሩ ላይ ጫማችንን እናወልቃለን፤ እጃችንን እንታጠባለን፤ ጋዋን እንለብሳለን። ድምፃችሁን አውልቁ የሚለን ግን የለም።

እልልታ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአሥረኛው ቀን ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጡ አያት የልጅ ልጃቸው ከኦክስጅን መላቀቁን ሰሙ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ ያደሩ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ልጁን አዩትና እልልታው ከውስጣቸው ፈነዳ። በእኔ በኩል ያሉት አራት ሕፃናት ክንዳቸውን እኩል በተኑ፤ ሦስት ማሽን ጮኸ። ሲስተር ሮጣ ሄዳ ክንዳቸውን ያዝ አደረገችና «እማማ፣ እባክዎ፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ሄደው የልብዎን ያድርሱ፤ እኔም እከተልዎታለሁ» አለቻቸው። ሄዱ። እውነትም ከደቂቃዎች በኋላ ከሩቅ፣ ከግቢው ማዶ፣ እልልታቸው ተሰማ። ሲስተርም በመስኮቱ በኩል አብራቸው ስትቆም አየኋት። ደስታቸውን አላሳፈረችባቸውም።

ከዚያ በኋላ ግን የመጣው ነገር አስከፍቶኛል፤ ዛሬም ሳስበው ይከፋኛል። ጫጫታው በዛ ተባለና እናቶች ከክፍሉ እንድንወጣ ታዘዝን። በየሦስት ሰዓቱ ጡታችንን አልበን ለማምጣት ካልሆነ በቀር መግባት ቀረ። ትእዛዙን የሰጡት ሰዎች ለልጆቹ አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን በሩ ሥር ተቀምጠን ሰማን፤ ጫጫታው አልቀነሰም። ክዳኑ ያው ይጮኻል፤ ሲሊንደሩ ያው ይንከባለላል፤ ስልኩ ያው ይደውላል። የቀነሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። የጎደለው የእኛ ሹክሹክታ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ድምፆች ሁሉ ልጆቹ አስቀድመው የሚያውቁት እሱን ብቻ ሆኖ ሳለ።

እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት፣ ከተወለዱ ገና ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው ለመስማት አጠባባቸውን እንደሚለውጡ አሳይቷል። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሴንት ሉዊስ ከምትባለው የአሜሪካ ከተማ የወጣ ጥናት፣ ለየብቻቸው ጸጥ ባለ ክፍል የቆዩ ቀናቸው ያልደረሰ ሕፃናት፣ በጋራ ክፍል ከቆዩት ይልቅ በሁለት ዓመታቸው በቋንቋ ዝቅ ብለው እንደተገኙ ዘግቧል። ተመራማሪዎቹ ጸጥታ ጥሩ ውጤት ይሰጣል ብለው ጠብቀው ነበር። ጸጥታ ማለት የድምፅ መጥፋት ብቻ ከሆነ፣ የሰው ድምፅ አብሮ ከጠፋ፣ ልጁ ባዶ ቤት ውስጥ ነው የሚያድገው። ስለዚህ እናትን ማስወጣት ጸጥታ ማምጣት አይደለም። የሚቀነስ ድምፅ አለ፤ የሚጨመርም ድምፅ አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠርጎ መጣል ስንዴውን ከእንክርዳዱ ጋር ማቃጠል ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ላይ መብራት ጠፋ። ኮሪደር ላይ ተኝተን የነበርነውን እናቶች የቀሰቀሰን ዝምታው ነው። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብድግ አልን። ለሁለት ሳምንት ስጠላው የኖርኩት ጢጥታ ሲቋረጥ ልቤ አብሮት የቆመ መሰለኝ፤ ልጄ በሕይወት መኖሯን ይነግረኝ የነበረው እሱ ነበርና። ጄኔሬተሩ ለመነሣት ዘገየ። በኅዳርና በታኅሣሥ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ኢንኩቤተር ሲቀዘቅዝ ጊዜ አይሰጥም። ሲስተር በሩን በረገደችውና በስልኳ ብርሃን እየመራች «እናቶች፣ ግቡ፤ ደረታችሁን ግለጡ» አለችን።

ልጄን ያን ሌሊት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፍኳት። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ለብሳ በጡቶቼ መካከል ተቀመጠች፤ የእናቴን ባና በላያችን ደረቡብን። ክፍሉ ጨለማ ነበር። ከሲሊንደሮቹ ከሚመጣው የኦክስጅን ቡልቅታ በቀር ምንም አይሰማም። በዚያ መካከል ትንፋሿን ሰማሁት። የደረቀ ጓሳ በሁለት ጣት ሲታሽ የሚያሰማውን ይመስላል፤ ይቆማል፣ ይቀጥላል። በእነዚያ አሥራ ስድስት ቀናት በአጠገቧ በሆንኩባቸው ሰዓቶች አንድም ጊዜ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እሹሩሩ ልላት ፈልጌ ድምፄ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ በደረቴ ብቻ አጉረመረምኩላት። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ማሽኖቹ ሁሉ ባንድነት ሲጮኹ ልጄ አልደነገጠችም። ጆሮዋ በደረቴ ላይ ነበር።

ገላ ለገላ ማቀፍ ድንገተኛ መላ ብቻ አይደለም። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የጀመረው ኢንኩቤተር ባጠረበት ሆስፒታል ነው። በአራት የአፍሪካ አገሮችና በሕንድ የተደረገ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ ልጁ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ እንደተወለደ እናቱ ደረት ላይ ማድረግ ሞትን በ25 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ድርጅቱም በቀጣዩ ዓመት ይህንኑ መከረ። ጥናቱ የተደረገው እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ሌት ተቀን በሚቆዩበት ክፍል ነው። ስለ ድምፅ ባይሆንም እኔ ያነበብኩት እንደ ድምፅ ጥናት ጭምር ነው፤ እናት ማጣሪያውን ትመልሳለችና።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ካንጋሮ ክፍል አዛወሩን። ስድስት እናቶች ነበርን፤ ከእንዋሪ፣ ከአንኮበር፣ ከደነባ የመጣን። ዝም በሉ ያለን አልነበረም። ስናወራ ግን ሁላችንም ድምፃችን ዝቅ ያለ ነበር። እያንዳንዳችን አገጭ ሥር አንዲት ጆሮ ነበረች፤ ሰው እንዲህ በቀረበ ጆሮ ላይ አይጮኽም። ምግብ አመላላሿ እንኳ እኛን ስታይ ትሪዋን ቀስ አድርጋ ታስቀምጥ ነበር። በትምህርት ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት በጭብጨባና በደወል ስፈልገው የኖርኩት ጸጥታ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዲሁ ተገኘ።

ከአምስት ቀን በላይ በጽኑ ሕክምና ክፍል የቆየ ሕፃን የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል ይላሉ ባለሙያዎች፤ እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒት ለተሰጠውማ ይበልጥ። ለልጄ አልተደረገላትም። ቤት ከገባን በኋላ እናቴ ከኋላዋ ስኒና ማንኪያ እያጋጨች ፈተነቻት፤ እኔም ወራት ሙሉ በየቀኑ በስጋት ፈተንኳት። ዛሬ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሩቅ ስጠራት ትሰማለች፤ ሌሊት ነፋሱ ከጓሳ በኩል ሲነሣ ከእኔ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ይሁን እንጂ በዚያ ክፍል አብረዋት የነበሩት ልጆች ሁሉ እንዲህ መሆናቸውን ማን ፈተነ? ለምርመራው የሚሆነው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ማሞቂያ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ ቢኖረው ብዬ አጥብቄ እመኛለሁ፤ ልጇን ይዛ የምትወጣ እናትም አፍ አውጥታ ትጠይቅ።

በሠላሳ አራተኛው ቀን 1,850 ግራም ሆና ስንወጣ ልሰናበት ወደ ማሞቂያ ክፍሉ ሄድኩ። ሲስተር የልጄን የቀድሞ ኢንኩቤተር አጽድታ እየጨረሰች ነበር። ገመዱ ተነቅሏል፤ ፍራሹ ተነሥቷል። በመስታወቱ በኩል አየችኝና ፈገግ አለች። ከዚያ ክቧን መስኮት በአንድ እጇ አስጠግታ፣ በሌላው እጇ አውራ ጣት መቆለፊያውን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ዘጋቻት። ውስጡ ማንም አልነበረም።